አያ ይግዛው አንበሳ ሊያዩ ሄዱ

ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የተነሳነው አንበሳ ለማየት ነው። እናንተም ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ! አጎቴ አያ ይግዛው ሮብ ገበያ የሚባል አገር ገበሬ ናቸው። ሰርግ ላይ «ዘራፍ፣ የአንበሳ ገዳይ የልጅ ልጅ!» ብለው ሲነሱ ዳሱ ይናወጣል። በቅርቡ ግን የጎረቤት ሰርግ ላይ አንዱ ቀልደኛ «አያ፣ ለመሆኑ አንበሳ አይተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸውና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ብሞትም አልፎክርም ብለዋል። ልጃቸው ብርቱካን ደግሞ የምትዳረው በሚመጣው ሳምንት ነው። «አባቴ ካልፎከረልኝማ ምኑን ተዳርሁት?» ብላ ስታለቅስ አንጀቴ አልቻለም። የልብስ ስፌት ቤቴን ዘጋሁና አያን ይዤ አውቶቡስ ገባሁ።

ደጀን ላይ እንቁላል ፍርፍር በሚጥሚጣ በላን። ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ አያን ጋቢያቸውን አስወለቃቸው። መንገድ ዳር ዝንጀሮዎች ተቀምጠዋል፤ የከተማ ልጆች በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ሙዝ ይወረውሩላቸዋል።

«እኛ አገር ገብስ የሚጨርስ ሌባ፣ እዚህ ሙዝ ይሸለማል?» አሉ አያ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ዘመድ ቤት አድረን፣ ከቅዳሴ በኋላ አንበሶቹ ያሉበት ግቢ ገባን። ሰዉ ለጉድ ነው! አንበሳው ግን ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል። አያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ሰው የሚጋፋው?»

እኔም አጠገቤ ሁለት ልጆች ይዛ የቆመች ሴት ጠየቅሁ። «እኅቴ፣ ምን ብላችሁ ነው የምትመጡ?»

«ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ እዚህ ልጆቹ እንደልባቸው ይሮጣሉ» አለችኝ። «ደሞ እሱ ሲያገሳ ሁሉም ጸጥ ይላል። እሷን ጸጥታ ነው የምወዳት።»

ወሬዋን ሳትጨርስ አንበሳው ተነሳና አገሳ። እናቴ ድረሽ! ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ዞር ስል አያ ይግዛው ከኋላዬ ናቸው፤ ነጠላዬን ጨምድደው ይዘዋል። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«አንቺ፣ አያቴ ይህን ገደለ እያልሁ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የፎከርሁት?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዘበኛው እስኪያስወጣን ድረስ ከአጥሩ ንቅንቅ አላሉም።

መልስ

ሰኞ ስንመለስ ጎሐ ጽዮን ምሳ ብናዝም አልበሉም፤ ዓባይን ስንሻገርም ቃል አልተነፈሱም። ወይ ጉዴ! ላስፎክር ወስጄ ጭራሽ አፋቸውን ዘጋሁት ብዬ ፈራሁ። በመስኮት እያየሁ ያቺን ሴት አሰብኋት። ሰው እኮ መፍራትም ያምረዋል፤ አጥር እስካለ ድረስ። እሷም እኔም ስንፈራ ደስ ብሎን ነበር። አያ ብቻ አጥሩን ረስተውት ነው መሰለኝ።

የሰርጉ ዕለት ሮብ ገበያ ዳሱ ሞልቶ፣ ጠላው እየተቀዳ፣ ብርቱካን ከሙሽራው አጠገብ ሆና ዓይኗን ከአባቷ አልነቀለችም። አያ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። በኋላ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ዘራፍ! ዘራፍ!
አንበሳ ሲያገሳ የራደ ጉልበቱ፣
ልጁን ሊድር ግን በእግሩ የገባ ቤቱ!»

በፉከራ ፈራሁ ያለ ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል? እልልታው ግን ቀለጠ። ብርቱካን የሽማግሌዎቹን ትእዛዝ ሳትጠብቅ፣ ኩሏ በእንባ እየወረደ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሄዳ የአባቷን ጉልበት ሳመች።