የእናቴ አደስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ የወጡ የገጠር ሴቶች ላሊበላ ውስጥ ባለችኝ ትንሽ የሽቶ ሱቅ ደጃፍ ሲያልፉ፣ ከመካከላቸው አደስ የገባበት ቅቤ የተቀባች አንዲት አትጠፋም። ያን ጊዜ በመደርደሪያዬ ላይ ያለው የጠርሙስ መዓት ሁሉ ሽታው ይጠፋብኝና እናቴ በሩ ላይ የቆመች ይመስለኛል፤ ደንበኛ እያነጋገርኩ ከሆነም የምለው ይጠፋኛል።

እናቴ የፀጉር ቅቤ የምታዘጋጀው ክረምቱ ሲወጣ፣ ላሞቹ ሣር ጠግበው ወተቱ ሲበረክት ነበር። ለጋውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጥባ፣ ጥላ ላይ የደረቀውን የአደስ ቅጠል ወቅጣና ነፍታ ትለውስበትና፣ መጀመሪያ የታላቅ እህቴን የሙሉን፣ ከዚያ የእኔን፣ በመጨረሻ የራሷን ፀጉር ትቀባ ነበር። ፀሐይ ሲመታን ቅቤው ቀልጦ በአንገታችን ይወርዳል፣ ዝንብ ይከተለናል፣ እኔ እነጫነጫለሁ፣ ሙሉ ትስቅብኛለች። በበጋ ደግሞ ከተከዜ ቆላ የሚመጣውን የወይባ እንጨት ጉድጓድ ውስጥ አጭሳ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጢሱን ትሞቅና ቆዳዋ ወርዝቶ ትወጣ ነበር።

አባቴ የሽቶ ነገር ሲነሳ አያቱን ሳያነሳ አያልፍም። ሲራራ ነጋዴ ነበሩ አሉ፤ ከጥርኝ የሚወጣውን ዝባድ በቀንድ አሽገው፣ በበቅሎ ጭነው ወደ ባሕሩ ያወርዱ ነበር። «የባሕር ማዶ ነገሥታት የተቀቡት የእኛን ዝባድ ነው፤ ድሮ እኛ ነበርን የምንልክላቸው፣ ዛሬ በጠርሙስ አድርገው መልሰው ይሸጡልናል» ይል ነበር። እናቴም «ከአውሬ ቂጥ የወጣ ነገር እኔ ራስ ላይ አይወጣም» ትለውና ሁላችንም እንስቅ ነበር።

በእኛ ሰፈር ሐዘን የገባባት ሴት የተቀባችውን ቅቤ ታጥባ ታስለቅቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ቅቤ አትቀባም፣ ወይባም አትሞቅም። ልጅ የወለደችውም፣ ልጇን የምትድረውም፣ የሞተባትም ሳትናገር በጠረኗ ትታወቅ ነበር።

ሙሉ የሄደችው የላሊበላ የገና በዓል አልፎ ተሳላሚው ሲበተን ነው። ዘነበች ከምትባል የሰፈራችን ልጅ ጋር ተሳላሚ በጫነ መኪና ተሳፍራ ዋናው መንገድ ላይ ጋሸና ወረደች፤ ወዴት እንዳሰበች ያወቅነው ጅቡቲ ደርሳ ስትደውል ነበር። ባሕሩን ልትሻገር ነው፤ ጅዳ ስገባ እደውላለሁ አለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ እናቴ ቅቤዋን አጥባ አደሷን ወቀጠች። የሙሉን ድርሻ በትንሽ ቅል ለይታ ማስቀመጧን አልተወችም፤ ሲሻግት ደፍታ በአዲስ ትተካው ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንድ ቀን ውኃ ልንቀዳ ቆመን ሳለ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘውዴ አላስችላት አለ።

«አንች ደስታ፣ ልጅሽ የት እንደገባች ሳይታወቅ እንዲህ አምሮ መሽተት ደግ ነው?»

«መርዶ ያመጣልኝ የለ» አለቻት እናቴ እንስራዋን ሳታስቀምጥ። «ልጄ በሕይወት እያለች ምን ብዬ እታጠባለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደሱን አበዛችው። ገና ከመታጠፊያው ሳትደርስ ይሸተኝ ነበር፤ ሲሸተኝም ሙሉ በሕይወት አለች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘነበች በዓመቱ በመስከረም ተመልሳ መጣች። ቤታችን ገብታ እናቴን ስማ፣ የቀረበላትን እህል ሳትነካ አቀርቅራ ተቀመጠች።

«ሙሉስ?» አለቻት እናቴ።

«በአንድ ጀልባ አልተሳፈርንም እትዬ ደስታ። የእሷ ቀድሞ ተነሣ። እኛ ማዶ ስንደርስ አልነበረም።»

«ሌላ ቦታ ወርዶ ይሆናል?»

«ይሆናል» አለች ዘነበች፣ እንባዋ ጉልበቷ ላይ እየወረደ።

አባቴ ብድግ አለ። «ይሆናል ካለች ይሆናል። ሬሳዋን ያየ ሰው ሳይመጣ እኔ ድንኳን አልተክልም» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ውኃ አፈላች። ከጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ራሷን በሳሙና አጠበች፤ አለቀለቀችው፤ ፀጉሯን ወደ አፍንጫዋ አምጥታ አሸተተችና እንደገና አጠበችው። አላለቀሰችም። እኔ ግን አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፣ ማንም የነገረኝ ነገር ሳይኖር። አመሻሽ ላይ አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ።

«ታጠብሽ?»

«ታጠብኩ።»

እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ድንኳን አልተተከለም፣ መርዶ አልተነገረም፤ ጎረቤቱ ግን እናቴ በአጠገቡ ባለፈች ጊዜ አውቆ ኖሮ አንድ በአንድ እየመጣ አጠገባችን ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር። ወይዘሮ ዘውዴም መጣች። እሷም ታጥባ ነበር።

ዛሬ የምሸጠው ሽቶ ከዚያ ሁሉ ይረቃል፣ ልብስ ላይም ይቆያል። ነገር ግን ለሠርግም ለቢሮም ያው አንዱ ነው፤ አባቴን የቀበርን ዕለት እንኳን እኔ ራሴ ከልማድ የተነሣ ተቀብቼው ወጥቼ ማንም ልብ አላለኝም። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። መስከረም በጠባ ቁጥር ለጋ ቅቤና አደስ እገዛላታለሁ፤ መርቃኝ ትቀበላለች፣ እንደ ድሮው አጥባ ትለውሳለች፣ ልጄን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ፀጉሯን ትቀባታለች። እጇ ላይ የቀረውን ግን ወደ ራሷ አታደርሰውም፤ ተነሥታ በሳሙና ትታጠበዋለች።