ሸዋረጋና የጓሮው በር

ሸዋረጋ ብስክሌት መንዳት የተማረችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። በስደት በምትኖርበት ከተማ፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊቶችን ስታነሳና ስታስተኛ ጉልበቷ ቢያልቅ፣ ሐኪሙ “እግርሽ ክብደት አይሸከም፤ ሳይክል ሞክሪ” አላት። ያገለገለ ገዛችና እስከ ባሕር በሚወርደው የባሎና ክሪክ መንገድ መንዳት ጀመረች። በሱሪና በሄልሜት የአበሻ ሱቆች ያሉበትን የፌርፋክስ ጎዳና ስታቋርጥ ያዩዋት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁባት። እሷ ግን ወደደችው።

ባለፈው ግንቦት ጣሊያን ሄዳ በአዲጄ ወንዝ ሸለቆ፣ ከቦልዛኖ እስከ ቬሮና፣ ያለ አስጎብኚ በብስክሌት እንደምትወርድ ስትናገር፣ ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛዋ ዶርካስ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

“ሶ፣ ከፍለሽ ነው የምትለፊው?”

“ሻንጣዬን የጉዞ ድርጅቱ ከሆቴል ሆቴል በመኪና ያደርስልኛል። መንገዱ ስልኬ ላይ አለ። የኔ ሥራ መንዳት ብቻ ነው።”

“ብቻሽን?”

“ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እናት ደግፌ ነው ከቤት የወጣሁት። እስቲ አንዴ ብቻዬን ልውጣ!”

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ልቧ ሆኑላት። መንገዱ የወንዙን ዳር ይዞ ለጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙ የፖም እርሻ፣ ከእርሻው ጀርባ ቀጥ ያለ ተራራ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፊት ሲበረታባት ወርዳ ዛፍ ሥር ትቀመጥና ዳቦዋን ትበላለች። ስሟን የሚጠራ የለም።

አንድ ምሽት ወይን ተክል መሐል ካለች ትንሽ ሆቴል ደረሰች። ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ ገና ከማስደገፏ ባለቤቲቱ ወጣች። “በመጨረሻ መጣሽ! ትናንት ነበር የምንጠብቅሽ” አለችና በእንግሊዝኛ እያወራች ክንዷን ይዛ በጓሮ በር አስገባቻት። ሸዋረጋ ክፍሏን ልታሳያት መስሏት ጠባቡን ደረጃ ተከትላት ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ከንፈራቸው የደረቀ አሮጊት ተኝተዋል።

“እናቴ ናት። ዳይፐሩ እዚያ አለ።”

ሸዋረጋ ሄልሜቷን እንዳደረገች ክው አለች። “እኔ እንግዳ ነኝ!” አለች። ስልኳን አውጥታ የክፍሉን ሪዘርቬሽን ሴትዮዋ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

ሴትዮዋ አየችው። ከዚያ ሳቀች። “ይቅርታ፣ አንዲት አፍሪካዊት አስታማሚ ስጠብቅ ነበር፤ ይገባሻል አይደል? ዛሬ ወይን በነፃ እጋብዝሻለሁ።”

ስህተቱንስ ትተወው ነበር። ሳቁን ግን ልትተወው አልቻለችም። ጭቃ ተረጭቼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ ብስክሌት ይዤ! ሌላው በብስክሌት ሲመጣ እንግዳ፣ እኔ ስመጣ ዳይፐር ቀያሪ? አለች በልቧ። ወይኑን እምቢ አለች። አሮጊቷ እጃቸው የማይደርስበት የተቀመጠውን ውሃ ግን አንስታ አጠጣቻቸው፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለች በመስኮቱ አንዲት ልጅ አየች። ካፊያው እየወረደባት የጓሮው በር ላይ፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ሸዋረጋ ወጣች።

“አበሻ ነሽ?”

ልጅቷ ደንግጣ ተነሣች። ሮሐ ትባላለች፤ አሮጊቷን ልታስታምም ከሚላኖ በአውቶቡስ መጥታ ነው። “እንግዶቹ በልተው እስኪጨርሱ እዚህ ጠብቂ ብለውኝ ነው፣ እትዬ።”

“ነይ ግቢ።”

“ኧረ እንዳይቆጡኝ...”

“ግቢ አልኩሽ!” ሻንጣዋን ነጥቃ በዋናው በር አስገባቻትና የራሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት።

ባለቤቲቱ ፈጥና መጣች። “ይህ አዳራሽ ለእንግዶች ብቻ ነው።”

“የኔ እንግዳ ናት! ቁርሷን በኔ ክፍል ቻርጅ አድርጊው።” ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፤ የሚበሉት ሁሉ ዘወር አሉ። ሴትዮዋ ሁለተኛ ሲኒ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው።

ሮሐ ዳቦውን ይዛ አልበላችም። “እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ግን እርስዎ አሁን ይሄዳሉ። እኔ ከሴትዮዋ ጋር እዚሁ ነኝ” አለች ቀስ ብላ።

ሸዋረጋ ውል በጽሑፍ እንድትጠይቅ፣ የእረፍት ቀን ሳይሰጧት እንዳትስማማ መከረቻትና ስልክ ቁጥሯን ሰጥታት ወጣች። ወደ ቬሮና ያለውን መንገድ በንዴት ፔዳሉን እየረገጠች ነዳችው፤ ሻንጣዋን የጫነውን መኪና ቀድማ ደረሰች።

ፌርፋክስ ተመልሳ ጉዞውን ላዘጋጀላት ድርጅት አቤቱታ ጻፈች። “ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን” ብለው ለሚቀጥለው ጉዞ ቅናሽ ላኩላት። “ቅናሽ! ማን ቅናሽ ጠየቃቸው?” እያለች ፀጉር ቤቱን አናጋችው። ዶርካስ ልትስቅ ጀምራ ፊቷን ስታይ ተወችው።

ከወራት በኋላ፣ ሸዋረጋ ፌርፋክስ ላይ ብስክሌቷን እየገፋች ሳለ፣ ሮሐ ደወለች። ሴትዮዋ ያንን ቁርስ ሳትረሳላት ስታንገላታት ከርማ፣ የእረፍት ቀን ስትጠይቃት “ሌላ ቤት ፈልጊ” ብላታለች። ሮሐም ፈለገች፤ ትሬንቶ ከተማ አገኘች። “እናትየዋን ትቼ መውጣቱ ከበደኝ እንጂ፣ እዚህ እሁድ የራሴ ነው፣ እትዬ።”

“እሁድ ምን ትሠሪያለሽ ታዲያ?”

“እተኛለሁ።”

“ተኚ!” ብላ ጮኸች ሸዋረጋ፤ መንገዱ ዳር መኪና ፓርክ የሚያደርገው ሰውዬ ደንግጦ ቀና አለ። “ማንም እንዳያስነሣሽ! ሰማሽ? እስኪመሽ ተኚ!”