ከሲንጋፑር ሱራባያ ሁለት ሰዓት ተኩል

ኩስሚያቲ ራቅኩ ብላ አታውቅም ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሲንጋፑር ተቀጥራ የሰው አሮጊት ስታጥብና ስታጎርስ፣ የገዛ እናቷን ምቦክ ራሲነምን ግን ለወንድሟና ለእኛ ለጎረቤቶቿ ትታ፣ መጽናኛዋ ይኸው ነበር።

"አክስቴ፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም እኮ!" ትለኛለች ለኢድ በመጣች ቁጥር። "በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እማ አንድ ነገር ብትሆን እደርሳለሁ።"

መንደራችን ደግሞ ከሱራባያ አየር ማረፊያ አጥር ማዶ፣ የዓሣ ኩሬዎቹ ዳር ነው። አመንናት።

ምቦክ ራሲነም ባለፈው የዝናብ ወራት ጎህ ሳይቀድ አረፈች። ወንድ ልጇ ፓይዲ ለእህቱ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ።

"እትዬ፣ እማን ትንሽ አሟታል። ነይ እስቲ።"

"በጣም ነው እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነች! ተረጋግተሽ ነይ፣ አትቸኩይ።"

መዋሸቱን አልፈረድኩበትም። እኛ ዘንድ ብቻውን መንገድ ለሚወጣ ሰው ሞት አይነገርም። "ታመዋል" ይባላል፤ የሰማውም ገብቶት እያለቀሰ ይመጣል። ፓይዲ ግን አበዛው። አትቸኩይ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሬሳው ታጥቦ ተከፈነ። ፓይዲ እህቱ እስክትደርስ ቀብሩ እንዲቆይ ኢማሙን በልመና አደከማቸው። "የሲንጋፑር ሰዓት ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ያ ለኛ ትርፍ ነው። የጠዋቱን አውሮፕላን ከያዘች ትደርሳለች" ይላል። ከኩሬዎቹ በላይ አውሮፕላን ዝቅ ባለ ቁጥር "ይቺ ናት!" እያለ ወደ በር ይሮጣል። የቀትር ሶላቱ ዙሁር ሲቃረብ ስልኩ ጮኸ።

"አንተ፣ የጠዋቱን ተውኩት። አትቸኩይ ስላልከኝ አሮጊቷን ቁርስ አብልቼ ወጣሁ። ለእማ የደም ግፊት መለኪያ ገዛሁላት። የከሰዓቱን ይዣለሁ። እማ በላች ግን?"

"በላች" አለ ፓይዲ።

በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ። ግን አሁን ምን ይበላት? ስልኩን ዘግቶ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያ በላይ ሬሳ ማቆየት አይገባም፤ ኢማሙም ይበቃል አሉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናት።

ኩስሚያቲ አስር ሰዓት ላይ በሞተር መጥታ በር ላይ ወረደች። ግቢው ውስጥ የተደረደሩትን ወንበሮች አየች።

"ምነው ሰው በዛ? እማ ተሻላት መሰለኝ፣ ድግስ አለ?" አለች እየሳቀች።

ወንድሟን አየችው። እጁ ላይ የመቃብሩ ጭቃ ገና አልለቀቀም።

"ስትደውልልኝ…"

"አርፋ ነበር፣ እትዬ።"

"የጠዋቱ አውሮፕላን ቦታ ነበረው እኮ! ፓይዲ፣ ቦታ ነበረው!"

"መንገድ ላይ እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው።"

"ብወድቅስ? ወድቄ ፊቷን ባየው ምን አለበት?"

ደግፌ አስቀመጥኳት። እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አንጀቴ ተቆርጦ አያውቅም። የሰባቱ ቀን ጸሎት እንዳለቀ ለወንድሟ ክፉም ደግም ሳትናገር ተመልሳ ሄደች።

ዘንድሮ ኢድ ሲቃረብ ፓይዲ ደወለላት። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገልኝ።

"እትዬ፣ ለኢድ ትመጫለሽ አይደል?"

ከኋላዋ አሮጊቷ ስትጠራት ይሰማል።

"ሩቅ ነው" አለችው።