ኢንጂነር ገድሉና የመንቀጥቀጥ መለኪያው

ገድሉን ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ «ኢንጂነር» ብሎ የሾመው ራሱ ገድሉ ነው። ከመሸንቲ መጥቶ ጋራዥ ከፈተ። አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ ግን ሸሚዜ ይቆሽሻል ብሎ መኪና ሥር መግባቱን ተወው። እኔ እዚያው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ፤ ልጄን አዝዬ ስገባ «ይህ የልጅ መዋያ አይደለም» ይለኛል። እሱ ራሱ ከመዋል በቀር ሲሠራ አላየሁትም።

ከሥልጠናው ያመጣት አንዲት መሣሪያ አለች፤ ሞተር ላይ ተለጥፋ መንቀጥቀጡን በቁጥር የምታሳይ። በነዳጅም በባትሪም የሚሄዱት መኪኖች ከበዙ ወዲህ በሷ ይንጠባረራል።

ባለፈው ወር ሰላህ የሚባል ባለታክሲ ከወረታ መጣ። መኪናው በባትሪ ስትነሣ ትንቀጠቀጥበታለች። ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው ገድሉ የመሣሪያዋን ማግኔት በባትሪ የሚሠራው ሞተር ላይ ቢያስጠጋው ወደቀ። አሉሚኒየም ማግኔት የሚይዝ ይመስል ሦስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ በፕላስተር ጠቀለላት፤ ቁጥሩ ጣራ ነካ። ኩሽኔታው አልቋል፣ ሞተሩ ይውጣ፣ ምትኩ እስኪመጣ አራት ወር ነው አለ። የሰላህ ፊት አመድ መሰለ፤ ስድስት ነፍስ የምታድር በዚያች መኪና ነው።

«ኢንጂነር፣ የምትዘለው መሣሪያዋ ናት እኮ፤ ሞተሩ አይደለም» አለች ወለተ ሩፋኤል።

ወለተ ሩፋኤል መኪና አጣቢያችን ናት፣ የቄስ ልጅ። ገድሉ ገልጦት የማያውቀውን የመሣሪያዋን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዛ ጨርሳዋለች። እኔም ተውሼ ጀምሬዋለሁ።

«አንቺ ጎማሽን እጠቢ» አላት።

እሷ ግን ለአባቷ ደብር ከገዛችው ጧፍ ቆንጥራ ሰሙን በጣቷ አሸችና፣ ሞተሩ ሳይሞቅ መሣሪያዋን በስሱ አጣበቀቻት። መመሪያው ማግኔት ለማይዝ ብረት ሰም ይላል ብላ ሰላህን «አስነሣው» አለችው። ቁጥሩ ወረደ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው። መኪናዋ ሥር ገብታ ስታይ ሞተሩ የሚያርፍበት የጎማ መደገፊያ ተሰንጥቋል፤ የሚያንቀጠቅጣት እሱ ኖሯል። በግማሽ ቀን ተቀየረ።

ሰላህ መኪናዋን ሊሞክር ሲል ገድሉ ቀድሞ የፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ምርመራውን እንዴት እንደመራው ይተርክ ጀመር። ሰላህ በሩን ከፍቶ ቆመለት።

«ውረድልኝ ወንድሜ። ደግሞ ብትንቀጠቀጥ የምታውቅልኝ እሷ ናት።»

ወለተ ሩፋኤል እርጥብ እጇን አባብሳ ገባች፤ ወደ ዓባይ ድልድይ ነዱ። ገድሉ የጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ለሌላ ደንበኛ ሰሙ የእሱ ግኝት መሆኑን ያስረዳ ነበር። ሰውየው አዳመጠው፣ አዳመጠውና፣ ልጅቱ መቼ ትመለሳለች ብሎ ጠየቀኝ።