ጌታሁን ያላሰማኝ አራተኛ ክፍል

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሰው ሲደውሉ ጮህኩባቸው። «ቅዳሜ አብሮኝ ነበር እኮ!» አልኳቸው። ቅዳሜ አብሮን የዋለ ሰው ማክሰኞ የማይሞት ይመስል።

የደብረ ብርሃኑ ፋርማሲስት፣ የወጣትነት ጓደኛዬ ጌታሁን ዛሬ ማለዳ አረፈ። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

ያስተማርኳችሁ ሁሉ ታውቁኛላችሁ፤ ተጀምሮ ያላለቀ ነገር አልወድም። ይህ ሰውዬ ግን አራት ክፍል ካለው ሲምፎኒ ሦስቱን አሰምቶኝ ሄደ። አዝኛለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ተናድጃለሁ!

ላስረዳችሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌው ኮሮላው አንኮበር እንወጣ ነበር። ቆላው ከሥር ወለል ብሎ በሚታይበት አፋፍ ላይ መኪናውን ያቆማል። መስኮት እንዘጋለን፤ ብርድ ልብሱን እግራችን ላይ ጣል እናደርጋለን። ከዚያ ኦርኬስትራ።

ሁሉም የሚያውቃቸውን ሦስት አራት ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች ግን አይነካም። «እነሱ ሰሚ አላጡም» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ የሚከርመው የተረሱትን ነው። ሲምፎኒው አንዴ ብቻ ቀርቦ መሳቢያ የገባበት፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ሥራዋን ገልጦ የሚያይ ያጣች፣ በተወለደበት ከተማ እንኳ የማይታወቅ።

አንድ ሕግ ነበረው። ሥራው ተሰምቶ እስኪያልቅ የደራሲውን ስም አይነግረኝም። የመኪናው ቴፕ ስክሪን ስሙን እንዳያሳየኝ ብሎ የቁስል ፕላስተር ለጥፎበታል። ፋርማሲስት አይደል! ማን ነው ብዬ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦

«ስሙን በኋላ።»

ለምን ስለው ደግሞ «አንተ ስም ስትሰማ ጆሮህ ይደፈናል» ይለኛል። «ታላቅ ሰው ነው ከተባልክ ታጨበጭባለህ፤ የማታውቀው ከሆነ ስህተት ትለቅማለህ።»

እውነቱን ነው። ይህም ያናድደኛል።

አንድ ቅዳሜ ትሮምቦኖቹ፣ ባለ ወፍራም ድምፅ መለከቶቹ፣ ከሥር ተነስተው ገደሉን ሽቅብ የሚወጡ መሰለኝ። መኪናው ሁሉ ተሞላ። መታገሥ አቅቶኝ የአንዱን ታላቅ ሰው ስም ጠራሁ።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«በዲግሪዬ እወራረዳለሁ!»

ሲያልቅ ነገረኝ። ለካ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ ሲምፎኒውን ራሱ ሳይሰማው ሞቷል።

«በል ዳኛው፣ ዲግሪህን ሰኞ ፋርማሲ አምጣልኝ፤ ክኒን እጠቀልልበታለሁ።»

ዳኛው የሚለኝ ሁሉን ነገር ስለምፈርድ ነው። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ከመጀመሪያው እንደገና ከፈትነው፤ በሁለተኛው ደግሞ ይብስ አማረ! በእኛ ዕድሜ ማንም ያላመሰገነላችሁን ውበት ራሳችሁ ስታገኙት ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገራችሁ? ያ ሰው ለእኛ ለሁለታችን ብቻ የጻፈው ነበር የሚመስለኝ።

ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ በኮመንት አትጠይቁኝ። ሄዳችሁ የማታውቁትን አንድ ፈልጉና እስከ መጨረሻው ስሙ።

ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልመለስ።

የመጀመሪያው ክፍል ሆርን የሚባሉ ሁለት መለከቶች ናቸው፤ ከማዶ ለማዶ እንደሚጠራሩ ሰዎች። አንዱ ይጣራል፣ ሌላው ዘግይቶ ይመልሳል። ሁለተኛው ክፍል ዝግ ያለ የቼሎ ዜማ ነው። ሳላስበው ቆሎ ቆረጠምኩ።

«በዝግታው ክፍል ቆሎ አይታኘክም!» ብሎ ጮኸብኝ። ጉንጬ ውስጥ ይዤው ጨረስኩ።

ሦስተኛው ግን! አንድ እግሩ ያጠረ ሰው ጭፈራ ነው። ይወድቃል ስትሉት ክላርኔቱ ደግፎ ያነሳዋል። ከወንበሬ ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ።

ያኔ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ዋጠው። ጌታሁን ቴፑን አጠፋ። «ጉም ውስጥ የሚነዳው በጆሮ ነው» አለ።

«አራተኛውስ?»

«ለቅዳሜ።»

«ሰውየው ማን ነው?»

«ስሙን በኋላ።»

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ስም ከመቃብር በላይ ነው» ብለው አጽናኑን። ጌታሁን ቢኖር ይከራከራቸው ነበር። እሱ ሲቆፍር የኖረው ስማቸው አብሯቸው የተቀበረ ሰዎችን ነው።

ወጥቼ መኪናው ጋ ቆምኩ። ባለቤቱ ዘነበች ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተከትላኝ መጣችና ቁልፉን ሰጠችኝ።

«የጀመራችሁት አለ አይደል? ዳኛውን ከጣሪያ አጋጨሁት እያለ ሲስቅ ነበር ያመሸው።»

«ዘነቡ፣ በለቅሶ ቤት ሙዚቃ?»

«አሁን ክፈተው ማን አለህ! አርባው ይውጣና አንኮበር ትወስደኛለህ። ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እንደምትሰሙ እኔም ልስማው።»

«ይበርድሻል።»

«ለእናንተ ያልበረደ ለእኔ ይበርዳል? ቆሎውን እኔ እይዛለሁ። በዝግታው ክፍል እንደማይታኘክም አውቃለሁ።»

እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር።

እሷ ስትመለስ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ፍላሹ እንደተሰካ ነው። የፕላስተሩ አንድ ጥግ ተነስቷል። ቁልፉን ባዞረው፣ ፕላስተሩን ሳብ ባደርገው ስሙን አየው ነበር። ጥፍሬ ጥጉን ያዘው።

ከዚያ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ መልሼ ለጠፍኩት።

ጌታሁን፣ ንዴቴ አልበረደም። አርባህ ሲወጣ ግን ከዘነቡ ጋር እንመጣለን። ሆርኖቹ ከሚጠራሩበት ጀምረን እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ጉም ቢመጣም እዚያው ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን።

አንተ እዚያ ሰውየውን ቀድመህ ካገኘኸው፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ አንድ የደብረ ብርሃን ቁጡ ሰው ከጣሪያ ጋር ተጋጨ በለው። ደስ ይለዋል። ማን ነው ብሎ ከጠየቀህ ግን እንዳትነግረው።

«ስሙን በኋላ» በለው።