ቃሮ የተባለው ኮት ሰፊ

ቃሮ የሚለውን ስም ያወጣለት የገዛ ወንድሙ ነው። ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናው ላይ ሲያጎነብስ ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ሲያገሳ መራራ ውሃ ጉሮሮው ድረስ ይመጣበታል፤ እሱን መልሶ ሲውጥ ፊቱ ይጨማደዳል። ታላቅየው የስፌት ቤቱ ባለቤት ነውና፣ ደንበኛ ፊት «ቃሮ ጀመረ፣ አፍንጫችሁን ያዙ» ይላል። ደንበኞቹ ይስቃሉ። ታናሽየውም አብሮ ይስቃል፤ ዝም ቢል አኮረፈ ተብሎ ሌላ ቀልድ እንደሚወጣበት ያውቃል።

በሙያው ግን አይታማም። የሰፋው ኮት ትከሻ ላይ እንደ ቆዳ ይቀመጣል። ሰው ያን ቤት የሚፈልገው ለእሱ እጅ ነበር፤ ወንድምየውም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ያንገበገበውም ማወቁ ሳይሆን አይቀርም። ምሳውን ሳያላምጥ እንዲውጥ ያጣድፈዋል፤ አፉን ሳይጠርግ መልሶ መኪናው ላይ ይደፋዋል። እሱም የሚታኘክ የቃር ኪኒን ኪሱ ውስጥ ከቁልፍና ከጠመኔ ጋር ቀላቅሎ ይዞ፣ እንደ ከረሜላ ሲቆረጥም ዓመታት አለፉ። የሚተኛው ትራስ ደራርቦ፣ በመቀመጥና በመተኛት መካከል ነበር። ጥርሱ ሳሳ፣ ድምፁ ጎረነነ። ሊያገባት ያሰባት ልጅ አፉ ይሸታል ብላ ቀረች፤ ያንንም ወንድምየው ለደንበኛ አወራው።

ከዚያ ምግብ እየተናነቀው መጣ። መጀመሪያ ስጋ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ በኋላ ሩዝም ያለ ውሃ አልወርድ አለው። ሁለቱም ወንድማማቾች የሚኖሩት ከእናታቸው ጋር ነው፤ እናትየው ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስ እያየች ከሳብኝ ብላ አልተጨነቀችም። «እጄን ተጸየፈ» ብላ ለጎረቤት ከሰሰችው እንጂ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ወንድምየው አንድ ትልቅ የተጠበሰ ስጋ አንስቶ ሳህኑ ላይ አኖረለት። ዛሬ እንደ ሰው ትበላለህ አለው። ታናሽየው እናቱን አያት።

«ብላ እንጂ፤ መርዝ አላበላሁህ» አለችው።

አላምጦ አላምጦ ዋጠው። ስጋው ደረቱ መሀል ሲደርስ ቆመ። ውሃ ጠጣ፣ ውሃው ተመልሶ በአፍንጫው ወጣ። ይተነፍሳል፤ ምራቁን መዋጥ ግን አልቻለም፤ ልጋጉ ሸሚዙ ላይ ይወርዳል። ወንድምየው ትወና ነው ብሎ መብላቱን ቀጠለ። እናትየው ጠረጴዛዬን አታበላሽ ብላ አሮጌ ጣሳ አቀበለችው። ጣሳውን ታቅፎ በረንዳ ላይ ምራቁን ሲተፋ ዋለ፤ ስጋው አልወርድ ሲለው ጣሳውን እንደያዘ ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ ሆስፒታል ሄደ።

ሐኪሟ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብታ ስጋውን አወጣችለት። ሲነቃ ጥፋተኛን እንደሚገሥጽ ሰው ሆና ነገረችው። ምግብ በሚወርድበት ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ፤ የእሱ ላልቷል። ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚከላከልበት ሽፋን አለው፤ ቧንቧው ግን የለውም። አሲዱ ሽቅብ እየወጣ ሲያቆስለው፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ እየጣለ፣ ቧንቧው ጠቧል። ጥርሱን የበላው፣ ድምፁንም ያጎረነነው ይኸው አሲድ ነው።

«ኪኒኑ ለዕለቱ ያበርደው ነበር» አለችው። «ቶሎ ብትመጣ ጠባሳው እዚህ አይደርስም ነበር።»

እናቱ ልትጠይቀው መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ምን አበላችው ይለኛል እያለች አማረረች።

የጠበበውን ቧንቧ ደጋግመው አሰፉለት፤ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ጀመረ። ሾርባ ወረደለት፣ ዳቦም በስሱ። ቃጠሎው ጋብ ሲል ሥራ ገባና ሐኪሟ ያለችውን ለወንድሙ ነገረው፦ ምሳ ተረጋግቶ መብላት፣ በልቶ አለማጎንበስ፣ ቀበቶ አለማጥበቅ። ወንድምየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቋርጥ ሰማው። ሲጨርስ ወንበሩን አሳየው። ሌላ ሰፊ ተቀምጦበታል።

«አትጎንበስ ተብለሃል አይደል? ካውያ በቁም ነው።»

«ጋሼ፣ መኪናውን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ላድርገውና ቀጥ ብዬ ልስፋ» ብሎ ለመነው።

«ላንድ ሰው ሆድ ብዬ ቤቴን አላፈርስም» አለው።

ካውያው ወዳለበት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። አዲሱ ሰፊ የሚሰፋው ኮት ትከሻው ላይ ይሸበሸባል፤ ቃሮ ሽብሽቡን በካውያ እንፋሎት እያስተኛ ለደንበኛ ያስመስላል። ኮቱ ከሳምንት በኋላ መልሶ ይሸበሸባል፤ ያኔ ወንድምየው ካውያውን ይረግማል።

አንድ ቀን የቆየ ደንበኛ መጣ፤ ለልጁ ሠርግ ኮት ሊያሰፋ፣ ያውም በቃሮ እጅ ካልሆነ ብሎ። ወንድምየው አዝኖ አንገቱን ደፋ። ወንድሜ ታሟል፣ እጁም እንደ ድሮው አይደለም አለው። ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉም ይሰማል። ቃሮ ካውያውን አቁሞ ወጣ።

«ደህና ነኝ፤ እኔ እሰፋልዎታለሁ» አለ።

የወጣው ድምፅ እንደ ዝገት የሚፋቅ፣ ግማሹ ትንፋሽ ነበር። ደንበኛው አየው፤ የከሳውን አንገቱን፣ የተበላውን ጥርሱን። ፊቱ በኀዘኔታ ተሞላ።

«አይ ልጄ፣ አንተ ራስህን አስታም» አለውና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወደ አዲሱ ሰፊ ዞረ። ወንድምየው ሜትሩን አቀበለ። ደንበኛው እጆቹን ዘርግቶ ሲለካ፣ ቃሮ ቁመቱንና የደረቱን ስፋት በዓይኑ ብቻ ለክቶ ጨርሶ ነበር። የደንበኛው ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ እንደሚልም ያውቃል፤ አዲሱ ሰፊ ይህን ሳያይ አለፈው። ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ወንድምየው በዓይኑ ወደ መጋረጃው ጠቆመው።