መምህር አንዱዓለምና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት

ደብረ ማርቆስ ላይ ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማሩን መምህር አንዱዓለም አርፈዋል። የሰማችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁ ይኸው ነገርኳችሁ። ሕመማቸው ረጅም ነበር፤ ያስታመምናቸውም ሁላችን ዝለናል። ይህንንም የምጽፈው ደክሞኝ ነው፤ ዝም ብል ግን አላርፍም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ጭማቂ ቤቶች የሚጥሉትን የብርቱካን ልጣጭ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሸከሙ ቤታቸው ያመጡ ነበር። የልጣጩ ዘይት ነቀዝ ያባርራል ብለው ያምኑ ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ለእህል በተቀመጠ የነቀዝ መርዝ ታማ ለጥቂት ከተረፈች ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። ደህና መሣሪያ ስላልነበራቸው ከአንዲት ሴት የአረቄ ማውጫ ተውሰው ልጣጩን ይቀቅሉ ነበር። እንፋሎቱ በማውጫው የመቃ ቱቦ ወርዶ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ እንደ ወጥ ቅባት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሰፈሩም መምህሩ አረቄ ማውጣት ጀመሩ ብሎ አማቸው። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ መጥተው ጠየቋቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ብልቃጡን ከፍተው እንዲያሸቱት ሰጧቸው። ቄሱ ስቀው ሄዱ።

እኔ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ እንደ እሳቸው የኬሚስትሪ መምህርት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እረዳቸው ነበር። በአምስት የባቄላ ማሰሮ ውስጥ ዘይት የጠጣ ጨርቅ አኑረን፣ ከርመን ስንከፍት የሁለቱ ባቄላ ነቅዞ አገኘነው። ለሥራው የገንዘብ እገዛ ለመጠየቅ ሪፖርት ስንጽፍ፣ የነቀዙትን ሁለቱን እንተዋቸው አልኩ። ውጤቱ ካላማረ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ብዬ ተከራከርኩ።

«ልጄ፣ ነቀዙ ሪፖርት አያነብም» አሉኝ። «ሰው ግን አንብቦ እህሉን ያምነናል።»

አምስቱንም ጻፉ። እገዛውም ሳይመጣ ቀረ። እኔ ተናድጄ ለወራት ጠፋሁ። ከረጢታቸውን አዝለው ሲመጡ ከሩቅ አይቼ መንገድ የቀየርኩበት ቀን አለ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

መታመማቸውን ስሰማ ተመለስኩ። ዘይቱ ቶሎ እንዳይተን ከሰም ጋር አዋህደው አዲስ የባቄላ ማሰሮ አዘጋጅተው ነበር። እኔ ቤቴ ወስጄ ልጠብቀው ተቀበልኳቸው። አንድ ቀን አልጋቸው ላይ እንዳሉ «ከፍተሽ አየሽው?» አሉኝ። አልከፈትኩትም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ቤቴ ስል ጉልበቴ አልቆ ነበር።

«አየሁት ጋሼ፤ አንድም አልነቀዘ» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ጋሼ፣ ከሰልስትዎ በኋላ ማሰሮውን ከፈትኩት። ነቅዟል። ሰሙም አልያዘልንም። እኔ ዋሽቼዎታለሁ፤ ያውም እርስዎን፣ ያውም በመጨረሻው። ውጤቱን ይመዘግቡበት በነበረው ደብተርዎ ላይ፣ ከእጅ ጽሑፍዎ ሥር፣ ነቀዘ ብዬ ጽፌዋለሁ። ሳላይ አየሁ ማለቴንም ከጎኑ ጽፌዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ በደህና ይረፉ። ቅዳሜ ልጣጭ እቀቅላለሁ። ደክሞኛል፤ ግን እቀቅላለሁ።